ትልቅ የጽሑፍ ፋይል ላፕቶፕ ሳይደርቅ በተርሚናል እንዴት ይታያል?

ማክሰኞ ጠዋት ከደሴ ስልክ ተደወለልኝ። የአክስቴ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ላፕቶፑ ስታክ አደረገ። ማውዙም አልንቀሳቀስ አለ።»

«ምን ከፍተሽ ነው?»

«ከቢሮ የሰጡኝን ፋይል። በኖትፓድ ነው እኮ የከፈትኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም።»

ፋይሉ የበርካታ ዓመታት የክፍያ መዝገብ ነው። ሁሉም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ተጠቅልሏል። መጠኑ 2.6 ጊጋባይት። የላፕቶፑ ራም 4 ጊጋ። ቢሮው ያስገባው አዲስ ሲስተም ፋይሉን አልቀበልም ብሎ «መስመር 14203118 ላይ ስህተት አለ» ይላል። እሷ የፈለገችው ያቺን አንዲት መስመር ማየት ብቻ ነው።

«አብሽሪ» አልኳት። «አጥፍተሽ አስነሺው። ከዚያ ፋይሉን እንዳትከፍቺው።»

«ሳልከፍተው እንዴት አየዋለሁ?»

እኔ ኮምቦልቻ፣ እሷ ደሴ፣ መሀላችን የሐረጎ ጠመዝማዛ። ሁሉንም በስልክ ነው የጨረስነው። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ለምን ይደርቃል?

ኖትፓድና መሰሎቹ አንድን ፋይል ሲከፍቱ መጀመሪያ ሙሉውን ራም ላይ ለመጫን ይሞክራሉ። ራሙ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። ማውዙ የቆመው ለዚያ ነው። ኤክሴልም አያድንም። አንድ የኤክሴል ገጽ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን አይጭነውም። ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ «ሴቭ» ያሉ ሰዎች የፋይላቸውን ጭራ እዚያው አጥተዋል።

ሰኞ ገበያ ጤፍ ልትገዙ ስትሄዱ ጆንያውን መሬት ላይ አትዘረግፉም። እጃችሁን ሰደድ አድርጋችሁ ዘገን ታደርጋላችሁ፣ መዳፋችሁ ላይ ታዩታላችሁ። የተርሚናል፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በጽሑፍ የምናዝበት መስኮት፣ ትዕዛዞችም እንዲሁ ናቸው። የጠየቃችኋቸውን ያህል ብቻ ዘግነው ያመጣሉ። ፋይሉ 2 ጊጋ ሆነ 200 ጊጋ ለራሙ ብዙም ለውጥ የለውም።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር

ትዕዛዞቹ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው። እዚህ ግን በስልክ እንደነገርኳት፣ ሲነበቡ በሚሰሙበት ድምፅ እጽፋቸዋለሁ። አዲስ ትዕዛዝ ሲመጣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እጠራለሁ። «ኤል፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤስ» ካልኩ አራቱን ፊደል አከታትላችሁ ምቱ። «ትልቁ» ያላልኩት ሁሉ ትንሹ ፊደል ነው። ይህን አትናቁት፤ ለተርሚናል ትልቁ ኤስ እና ትንሹ ኤስ ፈጽሞ አይገናኙም። በትዕዛዙ ቃሎች መሀል ክፍት ቦታ አለ። «ክፍያ» ያልኩበት ቦታ የእናንተን ፋይል ስም አስገቡ። ስሙን ሁሉ መጻፍ አያስፈልግም፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፊደሎች መትታችሁ ታብ ስትጫኑ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

ሊኑክስ ወይም ማክ ያለው ሰው «ተርሚናል» የሚለውን ከፍቶ ይጀምር። ዊንዶውስ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ መጫን ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ኢንተርኔት ይበላል። ሁለተኛው ጊት የሚባለውን ፕሮግራም መጫን ነው። ከእሱ ጋር «ጊት ባሽ» የሚባል ተርሚናል ይመጣል፤ ከታች የምጠራቸው ትዕዛዞች ከሞላ ጎደል በሙሉ አሉበት። የአክስቴ ልጅ የመረጠችው ይህንን ነው። ፋይሉ ያለበት ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ ባዶ ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ ጊት ባሽ የሚለውን መምረጥ። አለቀ።

መጀመሪያ መጠኑን፣ ከዚያ ዓይነቱን

ኤልኤስ -ኤልኤች ክፍያ

ኤል፣ ኤስ። ክፍት ቦታ። ሰረዝ፣ ኤል፣ ኤች። ይህ የፋይሉን መጠን ሰው በሚረዳው ልክ፣ በሜጋና በጊጋ ይነግራችኋል።

ደብሊውሲ -ኤል ክፍያ

ደብሊው፣ ሲ። ሰረዝ፣ ኤል። ይህ ደግሞ መስመሮቹን ይቆጥራል። ለመቁጠር ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ስላለበት ትንሽ ያስጠብቃል። በእሷ አሮጌ ላፕቶፕ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ፈጀ። 19 ሚሊዮን መስመር ከምናምን። «የደረቀው ይሄንን ሁሉ ተሸክሞ ነው?» አለች።

ፋይል ክፍያ

ኤፍ፣ አይ፣ ኤል፣ ኢ። ይህ ትዕዛዝ ይዘቱ በምን ዓይነት የፊደል አጻጻፍ እንደተቀመጠ ይገምታል። ዩቲኤፍ 8 ካለ ጥሩ። ዩቲኤፍ 16 ካለ ከፊታችሁ ጣጣ አለ፦ ፍለጋው ዓይናችሁ እያየው ያለውን ቃል «የለም» ይላችኋል። ያኔ ፋይሉን የላከው ሰው በዩቲኤፍ 8 እንደገና እንዲያወጣው ማድረግ ከሁሉ ይቀላል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ልጥቀስ። ብዙ ሰው ተርሚናል ላይ ፋይል ለማየት መጀመሪያ የሚማረው ካት የሚባለውን ትዕዛዝ ነው፤ ሲ፣ ኤ፣ ቲ። ለአሥር መስመር ፋይል ግሩም ነው። ለ19 ሚሊዮን መስመር ግን ያው ጆንያውን መዘርገፍ ነው። ስክሪኑ እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርዳል፣ አንድም ነገር አታነቡም። ተሳስታችሁ ከጀመራችሁት ኮንትሮልና ሲን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ይቆማል። ይህን ቁልፍ ያዙት፤ ከዚህ በታች ያለ ማንኛውም ትዕዛዝ ሲረዝምባችሁም የሚያስቆመው እሱ ነው።

ከላይ፣ ከታች፣ ከመሀል መዝገን

ሄድ -ኤን 20 ክፍያ

ኤች፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ። የመጀመሪያዎቹን 20 መስመሮች ያሳያል። ቁጥር ካልሰጣችሁት 10 ነው የሚያሳየው። የመጀመሪያው መስመር ብዙ ጊዜ የዓምዶቹ ስም ነው። የእሷ ፋይል 7 ዓምድ ነበረው፣ በኮማ የተለያየ፦ ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ስም፣ ወረዳ፣ አድራሻ፣ የብር መጠን፣ መስኮት። 7 የምትለዋን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊያት አልኳት። በኋላ ትጠቅመናለች።

ቴይል -ኤን 20 ክፍያ

ቲ፣ ኤ፣ አይ፣ ኤል። የመጨረሻዎቹን 20 ያሳያል። ከጭራው ጀምሮ ወደ ኋላ ስለሚያነብ ፋይሉ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ወዲያው ነው የሚመልሰው። የመጨረሻው መስመር መሀል ላይ ተቆርጦ ካገኛችሁት ፋይሉ ሲገለበጥ ወይ ሲወርድ ተቋርጧል ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ ፍላሹ ቀድሞ ተነቅሎ ይሆናል። ሌላ ነገር ከመድከማችሁ በፊት እንደገና አስገልብጡት።

ይኸው ቴይል ሌላም ሙያ አለው። ሰረዝ ኤፍ ስትጨምሩበት ፋይሉ ላይ አዲስ መስመር በተጻፈ ቁጥር እዚያው እያሳያችሁ ይቀመጣል። ሰርቨር የሚጠብቁ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ከፍተውት ይውላሉ። ለቆመ መዝገብ ግን አያስፈልግም።

የጤፍ ነጋዴ ከላይ ያማረውን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ፋይልም እንደዚያው ነው። አፉ ላይ ጸድቶ መሀሉ የተበላሸ ስንት አይቻለሁ። ለዚህ ሻፍ አለ (ማክ ላይ ግን ላይኖር ይችላል)፦

ሻፍ -ኤን 20 ክፍያ

ኤስ፣ ኤች፣ ዩ፣ ኤፍ። ከመላው ፋይል 20 መስመር በዕጣ ያወጣል። ሙሉውን ማንበብ ስላለበት ትንሽ ይቆያል፣ ግን የፋይሉን እውነተኛ መልክ ያሳያችኋል። እሷ ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። የወረዳዎቹ ስም አጻጻፍ ወጥ እንዳልሆነ ያየችው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቦታ «ኮምቦልቻ»፣ ሌላ ቦታ «ኮንቦልቻ»።

ሌስ፦ እየገለጡ ማንበብ

አሁን ዋናው መጣ። አንድ ትዕዛዝ ብቻ ተማሩ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው።

ሌስ -ኤስ ክፍያ

ኤል፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤስ። ሰረዙ ላይ ያለው ትልቁ ኤስ ነው። ፋይሉ ወዲያው ይከፈታል። ራም አይበላም፤ ስክሪኑን የሚሞላውን ያህል ብቻ ነው የሚያነበው። ትልቁ ኤስ ረጃጅም መስመሮች ተጣጥፈው ስክሪኑን እንዳያምሱት ያደርጋል። በስተቀኝ የተደበቀውን ለማየት የቀኝ ቀስት፣ ለመመለስ የግራ ቀስት።

ስሙ ቀልድ አለበት። ከእሱ በፊት «ሞር» የሚባል ነበር፤ በፈረንጆቹ 1978 የተጻፈ፣ ትርጉሙ «ተጨማሪ»። ያኔ ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ እንደ ልብ አያስኬድም ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ማርክ ኑደልማን የሚባል ሰው ወደ ኋላም የሚሄድ ጻፈና «ሌስ»፣ «ያነሰ» ብሎ ሰየመው። ያነሰው በለጠ።

ስፔስ ስትጫኑ አንድ ገጽ ወደፊት፣ ቢ ስትሉ አንድ ገጽ ወደ ኋላ። ትንሹ ጂ ወደ መጀመሪያው ይወስዳችኋል፣ ትልቁ ጂ ወደ መጨረሻው። ቁጥር አስቀድማችሁ ጂ ካላችሁ ወደዚያ መስመር ትዘላላችሁ። ቁጥር አስቀድማችሁ ፒ ካላችሁ ደግሞ ወደዚያ ፐርሰንት። 50 እና ፒ ስትሉ የፋይሉ ወገብ ላይ ናችሁ። ፒ ከጂ በጣም ይፈጥናል፤ መስመር መቁጠር የለበትማ። «የጁላይ ወር የት አካባቢ ነው?» ዓይነት ጥያቄ ሲገጥማችሁ 50 ፒ፣ 75 ፒ፣ 60 ፒ እያላችሁ ቀኖቹን አይታችሁ ትጠጋላችሁ። መዝገቡ በቀን ቅደም ተከተል ከሆነ አምስት ስድስት ዝላይ ይበቃል።

አንዳንዴ ከታች «የመስመር ቁጥር እያሰላሁ ነው» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ይመጣና ቆም ይላል። አትደንግጡ። ኮንትሮልና ሲ በሉት፣ ስሌቱን ይተወዋል፣ እናንተ ንባባችሁን ትቀጥላላችሁ።

ለፍለጋ ስላሽ ተጫኑ፣ ቃሉን ጻፉ፣ ኢንተር በሉ። ቀጣዩን ለማግኘት ኤን፣ የቀደመውን ለማግኘት ትልቁ ኤን። ያገኛችሁት ቦታ ላይ ምልክት መተው ስትፈልጉ ኤም ተጫኑና አንድ ፊደል ስጡት፣ ለምሳሌ ኤ። ሌላ ቦታ ዞራችሁ ስትመጡ ነጠላ የጥቅስ ምልክት ተጫኑና ያንኑ ኤ። ቀጥ ብሎ ይመልሳችኋል። ለመውጣት ኪው።

እዚህ ላይ ስልኩ ላይ ዝም አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ኪው አልኩት። አልወጣ አለ። ኤንም አይሠራም። ደረቀ መሰለኝ እንደገና።»

«ኪቦርድሽ ምን ላይ ነው?»

ትንሽ ቆየችና ሳቀች። አማርኛ ላይ ነበር። የወረዳ ስም ልትፈልግ ወደ አማርኛ ቀይራ፣ ፈልጋ፣ ሳትመልሰው ቀርታ ነው። ኪው ስትጫን «ቅ» ነው የሚደርሰው። ሌስ ቅን ምን ያድርጋት? አማርኛ ፋይል የምታዩ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። የሚፈለገው ቃል በአማርኛ፣ ትዕዛዙ በእንግሊዝኛ። ኪቦርዱን በየመሀሉ መቀያየር ግድ ነው።

ሌላም የማየው ስህተት አለ። ካት ብለው ጀምረው ወደ ሌስ የሚልኩት ሰዎች አሉ። አታድርጉት። ሌስ ፋይሉን ራሱ ሲይዘው እንደ ልቡ ይዘላል። በሌላ በኩል ሲፈስለት ግን የመጣለትን ሁሉ ራም ላይ እያጠራቀመ ነው የሚሄደው። ከኖትፓድ ሸሽታችሁ እዚያው ትመለሳላችሁ።

ፋይሉ በጂዚፕ የታመቀ ከሆነ መፍታት አያስፈልግም። ከሌስ ፊት ዜድ ጨምራችሁ ዜድሌስ በሉት። ከታች የምናገኘው ፈላጊው ግሬፕም ዜድግሬፕ አለው።

የፊደል ነገር

በሌስ ውስጥ አማርኛው በፊደል ፋንታ በማዕዘን ቅንፍ በታሰሩ የላቲን ፊደሎችና ቁጥሮች ከመጣባችሁ ፋይሉ አልተበላሸም። ሌስ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን አላወቀም ማለት ነው። ከሌስ ውጡና ይህን ጻፉ፦

ኤክስፖርት ሌስቻርሴት=ዩቲኤፍ-8

የመጀመሪያው ቃል በትናንሽ ፊደል ነው፦ ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ፣ ኦ፣ አር፣ ቲ። ሁለተኛው በሙሉ በትልልቅ፦ ኤል፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኤች፣ ኤ፣ አር፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ። ከእኩል ምልክቱ በኋላ ዩ፣ ቲ፣ ኤፍ በትናንሽ፣ ሰረዝ፣ 8። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አይገባም። ከዚያ ሌስን እንደገና አስነሱት። ባዶ ሳጥን ሳጥን ከታየ ግን ጉድለቱ የፎንት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን መጫን ይበቃል።

በድሮ ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ከሆነ ደግሞ ተርሚናሉ ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው የሚታየው። እሱን የሚፈታው ሌስ አይደለም፤ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ያስፈልገዋል።

አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። እንግሊዝኛው አንድ ባይት ነው። ስለዚህ በአማርኛ የተሞላ ፋይል ከቁመቱ በላይ ቢከብዳችሁ አይግረማችሁ።

ከሁሉ የሚያደክመው ግን የእኛው ሆሄያት ነው። የአክስቴ ልጅ የሐይቅ ከተማን ክፍያዎች ልትቆጥር ፈለገች። ለዚህ ግሬፕ አለ፤ ጂ፣ አር፣ ኢ፣ ፒ። ፋይሉን ያበጥርና የሚፈለገው ቃል ያለባቸውን መስመሮች ብቻ ያወጣል።

ግሬፕ -ሲ 'ሐይቅ' ክፍያ

ትንሹ ሲ «አታሳየኝ፣ ስንት እንደሆኑ ብቻ ቁጠርልኝ» ማለት ነው። ቁጥሩ መጣ። «ይሄማ አነሰ» አለች። ልክ ናት። ግማሹ ጸሐፊ «ሀይቅ» ብሎ ነው የመዘገበው፣ አንዳንዱ «ሃይቅ»፣ «ኃይቅ» ያለም አይጠፋም። ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሀ እና ሐ እንደ በ እና ረ የተራራቁ ናቸው። መፍትሔው አማራጮቹን በአራት ማዕዘን ቅንፍ ማሰር ነው፦

ግሬፕ -ሲ '[ሀሃሐሓኀኃ]ይቅ' ክፍያ

በቅንፉ ውስጥ ካሉት ማንኛዋም አንዷ ትበቃለች ማለት ነው። ቁጥሩ በአንዴ ጨመረ። ለደሴ '[ሴሤ]' ያስፈልጋል፣ ለኮምቦልቻ 'ኮ[ምን]ቦልቻ'። አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ይህን ሳያደርጉ ከአማርኛ ፋይል ላይ ቁጥር አውጥቶ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ነው የሚጽፈው። በበኩሌ በአንድ የሆሄ አጻጻፍ ብቻ የተፈለገ ውጤት አላምንም።

የተገላቢጦሹም አለ። «ቃሉ» ወረዳን ፈልጉ ብላችሁ ስታዙት «በቃሉ» የሚባሉትን ሰዎች ሁሉ ሰብስቦ ያመጣላችኋል። ሰረዝ ደብሊው ስትጨምሩ ራሱን ችሎ የቆመውን ቃል ብቻ ይወስዳል። በኮማ ለተለያየ መዝገብ ይህ ተስማሚ ነው። ለተራ ጽሑፍ ግን ተጠንቀቁ፤ «ከቃሉ»፣ «የቃሉ» የሚሉትንም አብሮ ይጥላቸዋል። አማርኛ መነሻውን ከቃሉ ጋር አጣብቆ ነው የሚጽፈው።

ከግሬፕ ሁለት ነገር ልጨምር። ሰረዝ ኤን ያገኘውን መስመር ከነቁጥሩ ያሳያል። ሰረዝ ትልቁ ሲ እና 3 ደግሞ ከበላዩና ከበታቹ ሦስት ሦስት መስመር ይጨምርላችኋል። ስህተት ስትፈልጉ ይህ ወሳኝ ነው፤ መንስኤው ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ከፍ ብሎ ነው ያለው።

ወደ ተጠረጠረው መስመር

አሁን 14203118። በሌስ ውስጥ ቁጥሩንና ጂን መትቶ መድረስ ይቻላል። ሴድ ግን ቆርጦ ያወጣላችኋል፦

ሴድ -ኤን '14203116,14203120ፒ;14203120ኪው' ክፍያ

ኤስ፣ ኢ፣ ዲ። ሰረዝ፣ ኤን። ከዚያ በነጠላ የጥቅስ ምልክቶች መሀል፦ መነሻ ቁጥር፣ ኮማ፣ መድረሻ ቁጥር፣ ፒ፣ ነጥብና ኮማ የተደራረበባት ምልክት፣ መድረሻ ቁጥር፣ ኪው። ፒ «አሳየኝ» ናት። ኪው «እዚህ ስትደርስ አቁም» ናት። ኪውን ከተዋችኋት ሴድ የምትፈልጉትን ካሳየ በኋላም እስከ ፋይሉ ጫፍ መኳተኑን አይተውም።

ለጥንቃቄ ሁለት በላይ ሁለት በታች ጨመርን። አምስት መስመር ወጣ። አራቱ ደህና ናቸው። የመሀለኛዋን ፊደል በፊደል እንድታነብልኝ ጠየቅኳት።

«ቀን፣ ኮማ። ደረሰኝ፣ ኮማ። ስም፣ ኮማ። ተሁለደሬ፣ ኮማ። ሐይቅ፣ ኮማ፣ ቀበሌ 02...»

«ቆይ። ከሐይቅ ቀጥሎ ያለው ኮማ የእኛው ነው የእነሱ?»

የእነሱ ነው። ጸሐፊው አድራሻውን «ሐይቅ፣ ቀበሌ 02» ብሎ ሲጽፍ በአማርኛው ነጠላ ሰረዝ ፋንታ የእንግሊዝኛውን ኮማ መትቷል። ኮማ ደግሞ የዓምድ አጥር ነው። 7 ዓምድ የነበረው መስመር 8 ሆነ፣ አዲሱ ሲስተም ግራ ገባው። በነጠላ ሰረዝ ቢጻፍ ኖሮ ምንም ባልተፈጠረ።

አንድ ከተገኘ ሌላም አለ። ሲስተሙ የመጀመሪያው ላይ ስለቆመ እንጂ። ሁሉንም የሚያወጣው ኦክ ነው፦

ኦክ -ኤፍ, 'ኤንኤፍ!=7' ክፍያ > የተበላሹ

ኤ፣ ደብሊው፣ ኬ። ሰረዝ፣ ትልቁ ኤፍ፣ ኮማ፦ «አጥሩ ኮማ ነው»። በጥቅሱ ውስጥ ትልቁ ኤን፣ ትልቁ ኤፍ፣ ቃለ አጋኖ፣ እኩል ምልክት፣ 7፦ «የዓምዱ ብዛት 7 ያልሆነውን»። ጥቅሱ ነጠላው ይሁን። ፋይላችሁ ውስጥ ጽሑፎቹ በጥቅስ ምልክት ታቅፈው ከሆነ ግን ይህ ዘዴ ደህናውንም መስመር ይከስሳል። የእሷ እንደዚያ አልነበረም።

የ«ይበልጣል» ምልክቷ ውጤቱን ስክሪን ላይ ከማፍሰስ «የተበላሹ» ወደሚባል አዲስ ፋይል ትልከዋለች። እባካችሁ፣ ከምልክቷ በኋላ የዋናውን ፋይል ስም እንዳትጽፉ። ተርሚናሉ ሳይጠይቅ ሳያመነታ ዋናውን ባዶ ያደርገዋል፣ ከዚያ ነው ሥራ የሚጀምረው። እኔ አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። የሁለት ቀን ሥራ ነበር።

ኦክ ሲሠራ እሷ ቡና አቀራረበች። አቦሉ ሳይቀዳ ጨረሰ። ደብሊውሲ ሰረዝ ኤል ብላ ስትቆጥር 311 መስመር። ከ19 ሚሊዮን ውስጥ።

«ዋናውን ፋይል በቴሌግራም ልላክልህና አንተው እየው» አለችኝ። አይሆንም፤ ቴሌግራም በነፃ አካውንት ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አያሳልፍም። ደግሞም የሰው ስምና የሰው ብር ያለበት መዝገብ ከቢሮው መውጣት የለበትም። የግድ በክፍል በክፍል ወደ ሌላ የቢሮ ኮምፒውተር ማጓጓዝ ሲኖርባችሁ ስፕሊት አለ፤ ኤስ፣ ፒ፣ ኤል፣ አይ፣ ቲ። ሰረዝ ኤል ብላችሁ የመስመር ብዛት ስትሰጡት በዚያ ልክ ይቆራርጠዋል። በባይት አትቁረጡት፤ አንዷን ሆሄ ከወገቧ ሊከፍላት ይችላል።

ለእሷ ግን ይህ ሁሉ አላስፈለጋትም። «የተበላሹ» የምትለዋ ፋይል 43 ኪሎባይት ብቻ ናት። ያቺን በኖትፓድ ከፈተቻትና ኮማዎቹን ማረም ጀመረች።